ስለ መጫወቻ ካርታ፤ ወደ አሶሳ በሄድን ጊዜ ያየነውና የሰማነው

በዛሬው የቤተ ሰብ ገጽ የምናቀርብላችሁ ነገር ግማሹ የመንገድ ታሪክ፣ ግማሹ የቤት ጥፋት ነው። ጥፋቱ የራሳችን ስለ ሆነ አስቀድመን እርሱን እንናገራለን።

ባለፈው ዓመት በጥር ወር የተዘዋዋሪ ችሎት ጸሐፊ ሁነን ወደ አሶሳ እንድንሄድ ታዘዝን። ለመነሣት አንድ ቀን ሲቀረን ማታ ከሥራ ወደ ቤታችን ብንገባ፣ ዐሥራ ስድስት ዓመት የሞላው የበኵር ልጃችን ከጎረቤት ልጆች ጋር በምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ካርታ ሲጫወት አገኘነው። የፈተናው ጊዜ ቀርቦ ሳለ መጽሐፉ ተዘግቶ በወንበር ላይ ተቀምጧል። እኛ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለን የኔታ የቁማርን ነገር ባነሡ ቍጥር በጌታችን ልብስ ላይ ዕጣ የተጣጣሉትን ጭፍሮች ያስታውሱን ነበር። ከዚያ በኋላ በገባንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤትም በሣጥኑ ካርታ የተገኘበት ተማሪ ሳምንት ሙሉ ግቢ ይጠርግ ነበር። ሁለቱ ትምህርት ቤቶቻችን በብዙ ነገር የማይስማሙ ሲሆኑ በዚህ በአንዱ ብቻ ቃላቸው አንድ ነበረ። ስለዚህ ምንም ሳንጠይቅ ካርታውን ሰብስበን ቡና ይፈላበት በነበረው ከሰል ላይ ጣልነው።

ካርታው እንደ ተራ ወረቀት ቶሎ ቦግ ብሎ አልነደደም። ዳር ዳሩ ጠቍሮ፣ ቀስ እያለ እንደ ቅርፊት ተላጠ። ይህ ለምን እንደ ሆነ ያወቅነው በኋላ ነው። ልጁ አልጮኸም፤ እጁን ወደ እሳቱ ሰዶ አንዲቱን ብቻ መንጥቆ አወጣና ተነሥቶ ሄደ። ባለቤታችንም ከጓዳ ብቅ ብላ የሆነውን አየች፤ አንዲት ቃል ሳትናገር ተመለሰች። እኛም ዝምታዋን እንደ ስምምነት ቈጥረን ተኛን።

በማግስቱ አሶሳ ደርሰን በማረፊያ ቤታችን ሻንጣችንን ስንከፍት ከልብሱ መካከል በወረቀት የተጠቀለለች ያች ካርታ ወጣች። በወረቀቱ ላይ ባለቤታችን እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «ይህ ካርታ የአባቴ ነበር። በአሶሳ የግምጃ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ሳለ ያገኘው ነው። በመጨረሻ ሕመሙ ጊዜ ከልጁ ጋር ይጫወትበት ነበር፤ ልጁም ከአያቱ የቀረለት ይኸው ብቻ ነው። ብትጠይቀን እንነግርህ ነበር።»

ሃያ ዓመት ያህል በችሎት ተቀምጠን፣ ተከሳሽ ሳይሰማ አይፈረድበትም ሲባል በእጃችን ስንጽፍ የኖርን ሰው ነን። ይህን ደብዳቤ ካነበብን በኋላ የዚያን ቀን ምሳ አልበላንም።

አሶሳ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በመኪና መንገድ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ወደ ሱዳን ወሰን ተጠግታ የምትገኝ ከተማ ናት። አማታችን በሄዱበት ዘመን ሰው በነቀምትና በመንዲ በኩል አድርጎ፣ የዳቡስን ወንዝ ተሻግሮ፣ በባምባሲ አልፎ ነበር የሚደርስባት። እኛ ግን በአውሮፕላን ስለ ሄድን ከአንድ ሰዓት ጥቂት ከፍ ባለ ጊዜ ደረስን፤ በዚህም ምክንያት የመንገዱን ድካም ሳንቀምስ የመንገዱን ታሪክ ለመጻፍ የደፈርን ሰዎች ሆነናል። ምድሩ ቀይ ነው። በየግቢው የማንጎ ዛፍ አለ፤ ወሩ ጥር ስለ ነበረ ዛፉ አበባ እንጂ ፍሬ አልያዘም። አጥሩም፣ የቤቱ ግድግዳም፣ የጣራው አግዳሚም ሽመል ከሚባለው ከቈላ ቀርከሃ የተሠራ ነው። ይህ ሽመል የደጋው ቀርከሃ ባዶ ሲሆን እርሱ ውስጡ ድፍን ስለ ሆነ፣ ሸክም የሚችል እንጨት ነው።

የአገሩ ሰዎች በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሽናሻ፣ ማኦና ኮሞ ናቸው፤ ከሌላው አገር የመጡም ብዙዎች አብረዋቸው ይኖራሉ። በቤኒ ሻንጉል ላይ ራስ መኰንን የዘመቱት በ1890 ዓ.ም. ነው፤ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የሱዳን ወሰን በውል የተጻፈው ደግሞ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን አሶሳን ይገዙ የነበሩት ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን ለመንግሥት ግብራቸውን በወርቅ ያስገቡ ነበር። በአዲስ አበባ የነበራቸው ታላቅ ቤት እስከ ዛሬ አለ፤ ሸጎሌ የሚባለው ሰፈርም ስሙን ከእርሳቸው ስም እንዳገኘ ይነገራል። የወርቁን ነገር ማስታወሳችን ያለ ምክንያት አይደለም። የወርቅ ሚዛንና የግብር መዝገብ ባለበት ጸሐፊ አይጠፋምና፣ አማታችንም በዚያች ከተማ ብዕራቸውን ይዘው የተቀመጡት በዚሁ በጸሐፊነት ሥራ ነበር።

በችሎቱ ሳምንቱን ሙሉ ካርታ የሚለውን ቃል ስንጽፍ ሰነበትን፤ የተከራካሪዎቹ ካርታ ግን የመሬት ይዞታ ማረጋገጫው ነው። ቃሉ ከኢጣልያኖች ዘንድ የመጣ ሲሆን በእነርሱ ቋንቋ ወረቀት ማለት ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ግን የአገር ሥዕል የተነደፈበትን፣ የቤት ቦታ የተለካበትንና ሰው የሚጫወትበትን፣ ሦስቱንም በአንድ ስም እንጠራለን። አንድ ባላገር «ካርታዬን ተቀማሁ» ባለ ጊዜ ከሦስቱ የትኛውን ማለቱ እንደ ሆነ ካልተጠየቀ በቀር አይታወቅም።

ከሥራ ሰዓት በኋላ ወደ ገበያ ወጥተን ከተቃጠለው ጋር የሚመሳሰል ካርታ እንፈልግ ጀመር። በየሱቁ የተገኘው ከቻይና የመጣ፣ በቀጭን ፕላስቲክ የተለበጠ፣ ጀርባው ቀይ የሆነ አዲስ ካርታ ብቻ ነበረ። የችሎቱ አስተርጓሚ፣ በርታኛና ዐረብኛ አጥርቶ የሚያውቅ ትሑት ወጣት፣ ድካማችንን አይቶ «ጌታዬ፣ አሮጌ ካርታ ከሆነ የሚፈልጉት አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ከዓሥር ሰዓት በኋላ ከማንጎው ሥር አይታጡም» አለን።

ሽማግሌው ሰማንያ ዓመት የተጠጋቸው፣ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ፣ እጃቸው የማይንቀጠቀጥ ሰው ናቸው። በሽመል አልጋ ላይ ተቀምጠው ከሦስት እኩዮቻቸው ጋር ይጫወቱ ነበር። ገንዘብ በመካከላቸው የለም፤ የተሸነፈው ሻይ ያፈላል። እርሳቸው ካርታውን እንደ ሱዳን ሰዎች ኮሽቲና ነው የሚሉት። ሰላምታ ሰጥተን ቍራጭ የሆነችውን ካርታችንን ባሳየናቸው ጊዜ መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩአትና «ይህችን ማን አቃጠላት?» ብለው ጠየቁን። «እኛ ነን፣ አባቴ» አልናቸው። እርሳቸውም ሌላ ነገር ሳይጨምሩ በአጠገባቸው ስፍራ ለቀቁልን።

የአማታችንን ስም ነግረናቸው ያስታውሱ እንደ ሆነ ጠየቅናቸው። ጥቂት አስበው «ልጄ፣ በዚህ ዛፍ ሥር ብዙ የመንግሥት ሰው ተቀምጧል። ደመወዝ እስኪመጣ ሁሉም ይጫወት ነበር። አንዱን ከአንዱ ለይቼ ብነግርህ ውሸት ይሆንብኛል» አሉን። ይህን መልስ ከብዙ ምስክር አፍ ብንሰማው እንዴት በወደድን!

ካርታችን ላይ ያለው ሥዕል ላባ ያለበት ቆብ የደፋ ጕልማሳ ነው። ከወገቡ በታች እግር በመሆን ፈንታ ያው ራሱ ተገልብጦ ይታያል። በአንዱ ማዕዘን የነበረው ፊደል በእሳት ጠፍቶ፣ በተቃራኒው ማዕዘን ቪ የምትባለው የላቲን ፊደል ቀርታለች። ከአጠገቧም ሦስት ቅጠል ያለው ጥቍር ምልክት አለ። ሽማግሌው በጣታቸው ሥዕሉን እየነኩ «ይህ ንጉሡ አይደለም፤ ከንጉሡም ቀጥሎ ያለው አይደለም። የምክትሉ ምክትል ነው» አሉ። ምክትል የሚለውን በዐረብኛ ናይብ ብለው ተናገሩት። ይህች አንዲት ቃል በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ስለ ካርታ ታሪክ ያነበብነውን፣ በኋላም በየጊዜው የለቀምነውን ሁሉ አስታወሰችን፤ ስለዚህ ነገሩን ለአንባቢዎቻችን ከሥሩ እናስረዳለን።

ካርታ በመጀመሪያ የተገኘው በቻይና እንደ ሆነ ብዙዎች ሊቃውንት ይስማማሉ፤ ወረቀትንም ማተምንም ከሁሉ በፊት ያወቀው ያ አገር ነውና። ቻይናዎች ከቀርከሃ ጭምር ወረቀት ይሠሩ እንደ ነበረ ይታወቃል። በአሶሳ የሽመል አጥር ተደግፎ ይህን ማሰብ ትንሽ ያስቀናል። ከዚያ ካርታው በእስላም አገሮች በኩል አልፎ፣ ማምሉኮች የሚባሉት ሱልጣኖች ከሚገዙት ከግብፅ ደረሰ። የእነርሱ ካርታ አንድ ጥቅል በኢስታምቡል በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ተጠብቆ ይኖራል፤ ማየር የተባለው ሊቅ በጥናት ለዓለም ያስታወቀው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1939 ነው። እያንዳንዱ ካርታ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ በእጅ የተሣለና በወርቅ ቀለም ያጌጠ ነው። ምልክቶቹ አራት ናቸው፤ ጽዋ፣ ወርቅ ገንዘብ፣ ሰይፍ፣ በፈረስ ላይ ሆነው ኳስ የሚመቱበት በትርም ናቸው። የሰው መልክ ግን የለባቸውም። በመልክ ፈንታ ማዕረግ ተጽፎባቸዋል፤ ንጉሥ፣ የንጉሥ ናይብ፣ ሁለተኛ ናይብ። በእኛ አማርኛ ብንመልሰው ንጉሥ፣ እንደራሴ፣ ምክትል እንደራሴ መሆኑ ነው። ናይብ የሚለው ማዕረግ ለአገራችን ታሪክ እንግዳ አይደለም፤ ቱርኮች በ16ኛው መቶ ዓመት ምጥዋን ከያዙ በኋላ የሕርጊጎ ገዥዎች በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር።

ካርታው ባሕር ተሻግሮ አውሮፓ በገባ ጊዜ ስሙንም ይዞ ገባ። በፍሎሬንስ ከተማ በ1377 የወጣው የቁማር ደንብ ጨዋታውን ናይቤ ይለዋል፤ እስፓንያዎችም እስከ ዛሬ ካርታን ናይፔስ ይሉታል። እንግዲህ አንድ የቢሮ ማዕረግ የጨዋታ ስም ሆኖ ቀረ ማለት ነው። አውሮፓውያን የፈረሱን ኳስ ስለማያውቁት በትሩን ተራ ዱላ አደረጉት። ሁለቱን ናይቦች በፈረሰኛና በእግረኛ ለወጡ፤ በኋላም ፈረንሳዮች ፈረሰኛውን አውጥተው ንግሥትን በስፍራው አስቀመጡ። ስለዚህ በእጃችን ያለው ላባ የደፋው ጕልማሳ በዘር ሐረጉ ሁለተኛው ናይብ ነው። ፈረንሳዮች ቫሌ ይሉታል፣ አሽከር ማለት ነው፤ ቪ የምትለው ፊደልም ከዚሁ ቃል መነሻ የተወሰደች ናት። ከምክትል እንደራሴነት ወደ አሽከርነት መውረድ ለጸሐፊ ወገን የሚያሳዝን ሹም ሽር ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንመለስ፤ እኛን ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘን ይህ ነውና። በልጅነታችን ብራና ሲሠራ አይተናል፤ የፍየሉ ቆዳ በእንጨት ላይ ተወጥሮ ይፋቃል፣ ይታጠባል፣ እንደ ገና ይፋቃል። ብራና ፋቂው የሚደክመው ቀለሙ ጠርቶ እንዲነበብ ነው። ካርታ ሠሪው ግን የሚደክመው እንዳይነበብ ነው! የካርታ ጥበብ ሁሉ ያለው ባለ ካርታው ብቻ እንዲያይ፣ ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ግን ብርሃን በስተ ኋላው ቢበራ እንኳ እንዳያይ በማድረግ ላይ ነው። አንድ ወረቀት ብርሃን ያሳልፋል። ስለዚህ የጥንት ሠራተኞች ሦስት ወይም አራት ወረቀት በዱቄት ሙጫ ያጣብቁ ነበር፤ ለፊቱ ነጩን፣ ለመካከሉ ጥቅጥቅ ያለውን ግራጫ ወረቀት ያደርጋሉ። የተጣበቀውን ቈልለው ውሃው እስኪጨመቅ ድረስ በመጭመቂያ ያስሩታል፤ ከዚያ እንደ ልብስ በገመድ ላይ ይሰጡታል። ካርታችን በከሰሉ ላይ እንደ ቅርፊት የተላጠው በዚህ ምክንያት ነው። የዛሬዎቹ ፋብሪካዎችም ምርጡን ካርታ ሲሠሩ በሁለት ወረቀት መካከል ጥቍር ሙጫ ያፈሱበታል።

የሥዕሉ መሥመር በእንጨት ላይ በተቀረጸ ማኅተም ይታተማል። ቀለሙን ግን በማኅተም አያገቡትም፤ በዘይት የተነከረ ወፍራም ወረቀት በሥዕሉ ልክ ቀድደው፣ በመሥመሩ ላይ አስተካክለው ይደፉትና በቀዳዳው በብሩሽ ይቀቡታል። ለቀዩ አንድ፣ ለቢጫው አንድ፣ ለሰማያዊው አንድ ቅድ ያስፈልጋል። ሠራተኛው እጁ ከቸኰለ የንጉሡ ቀይ ካባ ወደ ጺሙ ይፈሳል፤ አሮጌ ካርታ የሚሰበስቡ ሰዎች ይህን ጉድለት አይተው ይደሰታሉ ይባላል። ቀለሙ ሲደርቅ ሳሙና ይታሻል፤ በለሰለሰ ድንጋይም እስኪያብረቀርቅ ይወለወላል፤ ካርታው በእጅ ላይ እንዲንሸራተት የሚያደርገው ይህ ነው። በመጨረሻ በታላቅ መቀስ ይቈረጣል። አንዲት ካርታ በጥቂት ብትበልጥ ወይም ብታንስ በጣት ትታወቃለችና፣ በዚህ ሥራ ላይ የሚቀመጠው የታመነ ሰው ነበረ።

ፈረንሳዮች በ1480 ገደማ ልብን፣ አራት ማዕዘንን፣ ሦስት ቅጠልንና እንደ ጦር ጫፍ ያለውን ምልክት፣ በቀይና በጥቍር ብቻ ማድረግ ጀመሩ። እነዚህ ምልክቶች ቀላል ስለ ሆኑ ለቍጥሮቹ ካርታዎች የእንጨት ማኅተም አላስፈለገም፤ የተቀደደው ወረቀት ብቻ በቃ። ዋጋው ረከሰ። ያማሩትን የጀርመንና የኢጣልያ ምልክቶች ድል የነሣው ርካሽነት ነው እንጂ ውበት አይደለም፤ ዛሬ በመላው ዓለም የሚታየው የፈረንሳዮቹ ምልክት ነው።

የካርታ ጀርባ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ድረስ ነጭ ባዶ ነበረ። ባዶ ወረቀት ያየ ጸሐፊ ደግሞ አይታገሥም። በ1685 በካናዳ የነበረው የፈረንሳይ ሹም ለወታደሮቹ የሚከፍለው ብር ቢያጣ፣ ካርታ ሰብስቦ በጀርባው ዋጋውን ጽፎ ፈርሞ እንደ ገንዘብ አደላቸው። በ1791ም የፈረንሳይ መንግሥት የተወረሱትን መጻሕፍት ዝርዝር በካርታ ጀርባ እንዲጽፉ ጸሐፊዎችን አዘዘ። ነገር ግን ነጭ ጀርባ ትንሽ ቢቈሽሽ ምልክት ይሆናል፤ ተጫዋቹ የትኛዋ ካርታ እንደ ሆነች ከኋላዋ ያውቃታል። ስለዚህ ጀርባውን በሐረግና በመረብ ሥዕል መሙላት ልማድ ሆነ፤ እድፉ በሐረጉ ውስጥ ይሰወራልና። ሥዕሉ ባለ ሁለት ራስ የሆነውም ለዚሁ ምሥጢር ነው። ንጉሥ ተዘቅዝቆ የደረሰው ሰው ሊያቃናው ሲያዞረው፣ ጓደኞቹ ታላቅ ካርታ እንደ ያዘ ያውቁበት ነበር።

መንግሥታትም ዝም አላሉም። እንግሊዝ በካርታ ላይ የጣለችው ቀረጥ በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከፍ ብሎ፣ የመክፈሉ ማረጋገጫ የጦር ጫፍ ምልክት ባላት በአንደኛዋ ካርታ ላይ ይታተም ጀመር። ይህችን ካርታ አስመስሎ ማተም እንደ መንግሥት ማኅተም ማጭበርበር ተቈጥሮ፣ በ1805 ሪቻርድ ሃርዲንግ የተባለ ሰው ስለዚሁ ተሰቀለ። ቀረጡ የቀረው በ1960 ነው። የጥንት ዳኞች በአንዲት ካርታ የሰው ነፍስ አጥፍተዋል፤ እኛ ደግሞ ሃምሳ አንዱን በአንድ ሲኒ ቡና ጊዜ አቃጠልን።

ስለ ንጉሡ ካርታም የሚያስቅ ታሪክ አለ። ፈረንሳዮች ንጉሣቸውን ከገደሉ በኋላ በ1793 ነገሥታቱን፣ ንግሥታቱንና አሽከሮቹን ከካርታው ሽረው በፈንታቸው የጥበብ መንፈስን፣ ነጻነትንና እኩልነትን አስቀመጡ። ተጫዋቹ ግን አልለመደውም፤ ብዙም ሳይቈይ ነገሥታቱ ተመለሱ። ይህን ለሽማግሌው ብንነግራቸው ሳቁና «እኛም በ1967 ዘውዱ ሲሻር ከዚህ ሥር ነበርን። ንጉሥ የቀረን በእጃችን ላይ ነው እያልን ቀስ ብለን እንስቅ ነበር። ጮክ ብለን አይደለም» አሉን።

የቀረን ጥያቄ የአማታችን ካርታ ከወዴት መጣ የሚለው ነው። እኛ በጠላት ወረራ ዘመን ከነበሩት ከኢጣልያኖች የቀረ ይሆናል ብለን አስበን ነበር። ነገር ግን ኢጣልያኖች ይህን ጕልማሳ ፋንቴ ይሉታል፣ እግረኛ ማለት ነው፤ ቪ የምትባለው ፊደል በዚህ ቃል ውስጥ የለችም። ይህን ለሽማግሌው ስንነግራቸው፣ ከአባታቸው የሰሙትን አጫወቱን። አሶሳን ከኢጣልያኖች እጅ የወሰደው በኩርሙክ በኩል የመጣው የኮንጎ ጦር ነው፤ ወታደሮቹ ጥቍሮች፣ አለቆቻቸው ፈረንሳይኛ የሚናገሩ ነጮች ነበሩ። ይህስ በታሪክ የታወቀ ነው። የቤልጅግ ኮንጎ ጦር መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. አሶሳን ያዘ፤ ከዚያም ወደ ጋምቤላ ሄዶ፣ በሰኔ ወር የኢጣልያው ጄኔራል ጋዜራ በሳዮ እጁን ሰጠለት።

ቤልጅግ ደግሞ የካርታ አገር ናት። ቱርንሁት በምትባል ከተማዋ ብሬፖልስ የተባለው ማተሚያ ቤት ከ1826 ጀምሮ ካርታ ሲሠራ፣ በዚያው ጣራ ሥር የጸሎት መጻሕፍት ያትም ነበር። የኔታ ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ኖሯል? በ1970 የከተማይቱ ካርታ ሠሪዎች ተባብረው ካርታ ሙንዲ የተባለውን ኩባንያ አቆሙ፤ የካርታ ቤተ መዘክርም በዚያው አለ። የቱርንሁት ካርታ በመርከብ ወደ ብዙ የባሕር ማዶ አገሮች ይላክ ነበር። የእኛ ካርታ ከአንድ የቤልጅግ መኰንን ኪስ ወጥታ፣ ከእጅ ወደ እጅ አልፋ፣ በኋላ ዘመን ለግምጃ ቤቱ ጸሐፊ ደርሳ ይሆናል ብንል ከመገመት አናልፍም። ፈረንሳይኛ የሚናገር አገር ብዙ ነው። በችሎት ቢቀርብ ይህ ማስረጃ አይበቃም፤ እኛ ግን ለልጃችን የምንነግረው አንድ ነገር አገኘን።

ሽማግሌው ካርታቸውን በወዙና እኛንም አስገብተው አደሉን። ከደረሱን ካርታዎች አንዲቱ ከሲጋራ ካርቶን በመቀስ የተቈረጠች ናት፤ በፊቷ ላይ በእስክርቢቶ ዘጠኝ ቍጥርና ዘጠኝ ልብ ተሥሎባታል። ጀርባዋ ቡናማ ነው፤ የሌሎቹ ግን አረንጓዴ። ከወዲያ ማዶ የተቀመጠ ሰው እንኳ የልብ ዘጠኝ በእጃችን እንዳለች ያያል። «አባቴ፣ ይህችማ ከጀርባዋ ትታወቃለች» አልናቸው። «ትክክለኛዋ በጐርፍ ጊዜ ሄደች፤ ዓሥራ አንድ ዓመት ሆናት። ሁላችንም እናውቃታለን፤ ግን አላየንም» አሉን። ሦስቱም ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። በእውነትም ጨዋታው እስኪያልቅ ከመካከላቸው አንድ ሰው ስንኳ በዚያች ካርታ አልተጠቀመም። እኛ ግን በሁለተኛው ዙር ከቡናማዋ ጀርባ ላይ ዓይናችንን ማንሣት አቅቶን ስለ ነበረ ተሸነፍን፤ ሻዩንም አፈላን።

ልንሰናበታቸው ስንነሣ ቍራጯን ካርታ መለሱልንና «ለዚህች ወንድም አትፈልግላት። በሌላ ጥቅል ውስጥ አስገባት» አሉን። ከገበያው ያንን ጀርባው ቀይ የሆነውን የቻይና ካርታ ገዛን።

አዲስ አበባ በተመለስን ማታ ልጃችን በክፍሉ ነበረ። ከሄድንበት ጊዜ ጀምሮ ስማችንን በአፉ እንዳላነሣ ባለቤታችን ነግራናለች። ጠርተነው በዚያው ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን፤ በእኛ ዕድሜ ምንጣፍ ላይ መቀመጥ ለጕልበት ቀላል አይደለም። ከአዲሱ ጥቅል የሦስት ቅጠሉን አሽከር አውጥተን፣ ዳሩ የጠቈረውን የአያቱን አሽከር በስፍራው አስገባን። ጀርባው ሰማያዊ ነው፤ መጠኑም ከሌሎቹ በጥቂት ያንሳል። ልጁ አየው፤ አንሥቶ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ከዚያም «አባባ፣ አበዋወዙን ታውቃለህ?» አለን። እንደማናውቅ ነገርነው። «አያቴ እንዲህ ነበር የሚያደርገው» ብሎ ጥቅሉን ለሁለት ከፍሎ በወዘና አደለን።

የአሶሳውን ወሬ፣ የናይቡን፣ የቱርንሁትን፣ የኮንጎውን ጦር፣ እየተጫወትን ነገርነው። ባለቤታችን ቡናውን ይዛ መጥታ በስተ ኋላችን ቆመች። በሦስተኛው ዙር ሰማያዊው ጀርባ በልጁ እጅ ውስጥ ከቀዮቹ መካከል ጎልቶ ታየ። የሚጥለውን ካርታ ሲመርጥ ቀና ብሎ ዓይናችንን ተመለከተ፤ እኛም ወደ ሲኒው ዘወር አልን።